በበዓልና በጉዞ ላይ የትንሽ ልጅ አመል ለምን ይቀየራል?

ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ልጄ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሆኗታል፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትሳም፣ ስትታቀፍ፣ ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ስትተላለፍ ነው የዋለችው። ሁሉም "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" እያለ ነበር። ከዚያ አክስቷ ወልቆ የወደቀውን የግራ ጫማዋን አነሳችና አጠለቀችላት። በቃ፣ የሆነው ይሄ ብቻ ነው። ልጄ ጫማውን አውልቃ ወረወረችና ጠረጴዛ ስር ገብታ እሪታዋን አቀለጠችው። ላወጣት እጄን ስሰድ ነከሰችኝ። እኔ ደግሞ እሷን ከማየት ይልቅ የሰዉን ፊት ማየት ጀመርኩ።

ያን ማታ የተሰማኝ እፍረት ነው። በኋላ ሳስበው ግን ጫማው ሰበብ ነበር። ትንሽ ልጅ ቀኑን በሰላም የሚያሳልፈው ሦስት ነገር ተደግፎ ነው። እንቅልፍ አለ። የሚያውቀው ሰው አጠገቡ መኖሩ አለ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቁም አለ፤ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ ከገላ በኋላ ተረት፣ እንዲህ ያለው ተራ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አብዛኛው ልጅ ይችለዋል። ሁለቱ ሲጎድሉ ይነጫነጫል። በዓልና ጉዞ ግን ሦስቱንም በአንድ ቀን ይወስዱበታል፣ ያውም ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ ጨዋ እንዲሆን በሚጠበቅበት ቀን። ሦስቱንም አተርፋለሁ ብላችሁ አትድከሙ፣ አይሆንም። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ግን የትኛውን በምንም ተአምር እንደማታስነኩ ወስኑ። እኛ ቤት የተመረጠው እንቅልፍ ነው፣ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አንጎል ትንሽ። ሰው ራሱን የሚገዛበት፣ "ተው፣ አሁን አይሆንም" የሚልበት የአንጎል ክፍል ከግንባራችን ጀርባ ያለው ነው። እሱ በስሎ የሚያልቀው ሰው ሃያዎቹን ሲያጋምስ ነው። ሁለት ዓመት ላይ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው። ስለዚህ ልጁን "ትንሽ ታገሥ" ስንለው፣ ገና ያልተሠራ ፍሬን እንዲይዝ ነው የምንጠይቀው። በዚያ ላይ የሚገባው ነገር ከሚናገረው በብዙ ይበልጣል። ልጄ "ጫማዬን ራሴ ነው የማደርገው፣ ደክሞኛል፣ ይቺን ሴትዮ ደግሞ በደንብ አላውቃትም" ማለት ብትችል ኖሮ ጠረጴዛ ስር አትገባም ነበር። እልህና እሪታ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት፣ አራት ዓመት ድረስ የሚበዛው በአብዛኛው ለዚህ ነው። ማሞላቀቅ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ሃያ ሰው መሃል የዋለች የሁለት ዓመት ልጅ ላይ ግን ፍርዱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ እንቅልፉ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ከ4 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ቢተኛ ይመከራል። የቀኑ እንቅልፍ ተደምሮ ነው። እስቲ የበዓሉን ቀን ደምሩት። ጠዋት ቀድሞ ተነሳ፣ ለመውጣት ጥድፊያ ነበር። ቀን መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሸለብ አደረገው፣ ስትደርሱ ነቃ። ማታ ደግሞ "ዛሬ እኮ በዓል ነው" ተብሎ ከለመደው የመኝታ ጊዜ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተኛ። ሦስትና አራት ሰዓት እንቅልፍ ጎድሎበታል ማለት ነው፣ ነገም በዓሉ ይቀጥላል።

አንጎል ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀምበታል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን አንዱ እሱ ነው። ይህ የእንቅልፍ ጫና ትንሽ ልጅ ላይ ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ይሞላል፣ ለዚህ ነው ቀን ሳይተኛ መዋል የሚከብደው። ወላጅን የሚያሳስተው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው። ትልቅ ሰው ሲደክመው ይፈዛል። ሰዓቱ ያለፈበት ልጅ ግን ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ሶፋ ላይ ይዘላል፣ ዓይኑ ይፈጣል። "እንቅልፉ አለፈው" የምንለው ይሄን ነው። ዘመድ አይቶ "ኧረ ይሄ ልጅ ጉልበቱ! አልደከመውም እኮ፣ ተዉት ይጫወት" ይላል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል። ምልክቱን ቀድሞ ማየት ነው የሚያዋጣው፦ ጆሮውን መጎተት ሲጀምር፣ ዓይኑን ሲያሽ፣ ትከሻችሁ ላይ ሲለጠፍ፣ ወይ ደግሞ በትንሽ በትልቁ ሲሰናከል።

ስለዚህ የማታው ሰዓት ቢዛባ እንኳ የቀኑን እንቅልፍ አስከብሩ። "ቀን ካልተኛ ማታ ቶሎ ይተኛል" የሚል ስሌት አለ። አንዳንድ ልጅ ላይ ይሠራ ይሆናል፣ ግን እስከ ማታ ድረስ አብራችሁት የምትውሉት እናንተ ናችሁ፣ እሱን አስቡ። እኛ አሁን የምናደርገው ቀላል ነው። ቤቱ እንደደረስን ከመቀመጣችን በፊት "ልጅቷን የምናስተኛበት ጸጥ ያለ ክፍል የቱ ነው?" ብለን እንጠይቃለን። ካለ አለ። ከሌለ ሰዓቷ ሲደርስ ከሁለታችን አንዳችን በጋሪ ወይም በመኪና ይዘናት እንወጣለን። ተራ ገብተን ነው፣ ባለፈው የወጣው ዛሬ ይቀመጣል። እውነቱን ለመናገር ያቺ አንድ ሰዓት ከጫጫታው ውጪ ለእኔም ዕረፍት ናት።

እንግዳ ቤት የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ደግሞ ብዙ አትጠብቁ። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ አዋቂዎች በማያውቁት ቦታ በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኙ የአንጎላቸው ግራ ግማሽ ከቀኙ ይልቅ ነቃ ብሎ እንደሚያድር አይተዋል። ለድምፅም ቶሎ ይነቃል፣ አንዱ ወገን ዘብ የቆመ ያህል። ሆቴል አዘውትረው የሚያድሩ ሰዎች ይህን ሳይንስ ሳይነግራቸው ያውቁታል። እናንተ የት እንዳላችሁ፣ መቼ እንደምትመለሱ እያወቃችሁ እንዲህ ከሆነ፣ ሌሊት ዓይኑን ሲገልጥ ግድግዳው ሌላ፣ መብራቱ ሌላ፣ ጠረኑ ሌላ የሆነበት ልጅ ቢያለቅስ ምን ይደንቃል? ከቤት ይዞ መሄድ የሚጠቅመው ብዙ ዕቃ ሳይሆን የለመደው ነገር ነው። ሳይታጠብ የመጣ የራሱ አንሶላ፣ አንድ የሚያቅፋት አሻንጉሊት፣ ቤት የምታነቡለት ያው መጽሐፍ። ተራውም ያው ይሁን። ገላ ካለ ገላ፣ ከዚያ ተረት፣ ከዚያ መብራት ማጥፋት። ሰዓቱ ቢገፋ እንኳ ተራው ካልተቀየረ ልጁ የት እንዳለ ያውቃል።

አንድ የማልቀልድበት ነገር አለ። ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን የትም ይደር የት፣ በጀርባው፣ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ለቀቅ ያለ ብርድ ልብስ ሳይኖር ነው የሚተኛው። "ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል" ተብሎ ሶፋ ላይ ማስተኛት ወይም ሶፋ ላይ አቅፎ ማሸለብ ከሁሉም አደገኛው ነው። በጉዞ ደክሟችሁ ስትደርሱ ይሄ ይረሳል፣ አልጋውን በፊት ማዘጋጀት ይሻላል።

ወደ ዘመድ ልምጣ። ሕፃን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሰው መለየት ይጀምራል። በአምስት ወሩ ማንም ሲያቅፈው ይስቅ የነበረው ልጅ በዘጠኝ ወሩ አያቱን አይቶ ያለቅሳል፣ አያት ደግሞ ልባቸው ይሰበራል። "ረሳኝ!" ይላሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው፣ አንጎሉ አድጎ የእኔ ሰው የሚለውን ከሌላው መለየት ቻለ። ከአሥር ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ደግሞ ከወላጅ መለየት የሚከብድበት ጊዜ ነው፣ መታጠቢያ ቤት እንኳ ብቻችሁን አትገቡም።

ሜሪ ኤንስወርዝ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበሩ። አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት ከእናታቸው ጋር ወደማያውቁት ክፍል እያስገቡ፣ እንግዳ ሰው ሲገባና እናት ወጣ ስትል የሚሆነውን ይመለከቱ ነበር። የብዙዎቹ ነገር ተመሳሳይ ነው። እናት ስትኖር ሄድ ብለው አሻንጉሊት ይነካሉ፣ ዞር ብለው ያይዋታል፣ እንደገና ይሄዳሉ። እናት መነሻና መመለሻ ናት፤ እሷ እስካለች ድረስ ድፍረት አለ። በበዓል ቀን ግን የምናደርገው ይሄን መገልበጥ ነው። በር ላይ እንደደረስን ልጁን ከእቅፋችን ወስደው ይዘውት ይገባሉ፣ መመለሻው ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

የሚሠራው ምንድን ነው? ለመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃዎች ልጁ ከእናንተ አይውረድ፣ ራሱ ልውረድ ካላለ በቀር። ለዘመዶች አስቀድማችሁ በስልክ ንገሯቸው፣ በር ላይ ሲሆን ክልከላ ይመስላል፣ በስልክ ሲሆን ግን ምክር ነው። "መጀመሪያ እኛን አናግሩን፣ እሱን እንዳላያችሁ ሁኑ" በሏቸው። ልጁ ከእቅፋችሁ ሆኖ እናንተ ከዚህ ሰው ጋር ስትስቁ ያያል፣ ያን ጊዜ ሰውየው በእሱ ዓይን የሚታመን ሰው ይሆናል። ከሁሉም ቶሎ የሚሳካለት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ለራሱ ኩብ የሚደረድር ዘመድ ነው። አንድ አጎቴ እንደዚህ ናቸው። ልጅ አይጠሩም፣ አይለማመጡም፣ ጥግ ይዘው ወረቀት ያጥፋሉ። ሰባት ደቂቃ አይሞላም፣ ልጁ አጠገባቸው ነው።

ስለ መሳምና ማቀፍ እዚህ ጋ ይሉኝታ ይገባል። "ሳሚያቸው እንጂ! ምን ሆነሻል?" ስንል የምንጨነቀው ለልጁ አይደለም፣ ዘመዱ በደንብ አላሳደጉትም ብሎ እንዳይታዘበን ነው። እኔ ልጄን አላስገድድም። ሰላምታ ግን አይቀርም፤ እጅ መስጠት፣ እጅ ማወዛወዝ ወይም መዳፍ ለመዳፍ መማታት ከሦስቱ አንዱን ትመርጣለች። አክብሮቱ አልጎደለም፣ ገላዋም የራሷ ነው። ዘመድ መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። አራስ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ከይሉኝታ በላይ ነው። ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ፣ ለአዋቂ ጉንፋን መስሎ የሚያልፈው አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ፣ ትክትክ፣ ሁሉም አዲስ የተወለደ ሕፃንን እስከ ሞት ሊያደርሱ ይችላሉ። እጅ ታጥቦ ማቀፍ ይቻላል፣ ፊቱን መሳም ግን ይቅር፤ ጉንፋን የያዘውም ሌላ ቀን ይምጣ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በዓል ነው፣ ሌሊት ነው ሳይባል ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል።

ሦስተኛው የቀኑ ተራ ነው ብያለሁ። ትንሽ ልጅ ሰዓት አያውቅም። "ከሁለት ሰዓት በኋላ እንሄዳለን" ማለት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። የሚገባው ቅደም ተከተል ነው፦ "መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ አያት ቤት፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ወደ ቤት።" ይሄን ጠዋት ንገሩት፣ መኪና ውስጥ ድገሙት፣ እዚያ ስትደርሱ "አሁን የትኛው ላይ ነን?" በሉት። መውጫ ሲደርስም በድንገት አታንሱት። "አንድ ዙር ተጫወትና ጫማ እናደርጋለን" ማለት "አምስት ደቂቃ ቀረህ" ከማለት በብዙ ይሻላል። የሚመጡትን ሰዎች ፎቶ ከጥቂት ቀን በፊት ማሳየትም ይረዳል። ልጄ አንድ አያቷን በፎቶ ብቻ ለምዳ በር ላይ በስማቸው ስትጠራቸው ሰውየው አለቀሱ።

የስጦታው ነገርም አለ። አሥራ አምስት ጥቅል በአንድ ጊዜ ከፊቱ ይደረደራል፣ ከዚያ "አንዱንም እንኳ አልተጫወተበትም፣ ካርቶኑን ነው የወደደው" እየተባለ ይሳቃል። በ2018 እ.ኤ.አ. የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ትንንሽ ልጆችን አንድ ጊዜ 4፣ አንድ ጊዜ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል አስገብተው አይተዋል። አራት ብቻ ሲኖር ልጆቹ እያንዳንዱን ይዘው የቆዩት ረዘም ላለ ጊዜ ነው፣ አጨዋወታቸውም በዓይነት በዝቷል። ስለዚህ ጥቂቱን ክፈቱ፣ የቀረውን አስቀምጡት። ዝናብ የሚዘንብበት ቀን ይመጣል።

አሁን የሚያስፈራውን ክፍል ልናገር። ትንሽ ልጅ ብቻውን የሚቀረው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። ሃያ ሰው ባለበት ቤትም እያንዳንዱ "አንዱ ያየዋል" ብሎ ያስባል። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳየ ነው። ሰው ችግር ላይ ያለን ሰው ድምፅ ሲሰማ፣ ሌሎችም እየሰሙ ነው ብሎ ካሰበ ለመርዳት ይዘገያል፤ ኃላፊነቱ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ለማንም አይደርስም። ገንዳ ወይም ኩሬ ባለበት ቦታ ይሄ ሕይወት ያስከፍላል። ሕፃን ሲሰምጥ ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ አይንፈራገጥም፣ ጸጥ ብሎ ነው። ለዚያውም ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃዋል፣ ባልዲም ጭምር። መፍትሔው ተራ መያዝ ነው። "አሁን ጠባቂው እኔ ነኝ" ብሎ በስም መረከብ፣ ሩብ ሰዓት ስልክ ሳይነኩ ማየት፣ ከዚያ "ተረከብ" ብሎ ለሚቀጥለው ሰው በአፍ ማስረከብ። ዝም ብሎ ከቦታው መነሳት የለም።

የሰው ቤት ለትንሽ ልጅ እንዳልተዘጋጀ አትርሱ። ስትደርሱ በአራት እግራችሁ ዳኹና ክፍሉን ከልጁ ቁመት እዩት፣ አትፈሩ፣ ሰው ይስቃል ግን ያልፋል። የአያት ቦርሳ ውስጥ የደም ግፊት ኪኒን አለ። ሪሞትና በባትሪ የሚበራ ጌጥ ውስጥ ክብ፣ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮው ላይ ተቀርቅራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች፣ ስለዚህ ከተጠረጠረ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ለእንግዳ የተቀመጠ ለውዝ አለ። ሙሉ ለውዝና ያልተቆረጠ የወይን ፍሬ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ያንቃል። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጠብታም ቢሆን ክልክል ነው። ቦቱሊዝም የሚባል ሽባ የሚያደርግ በሽታ የሚያመጡ የባክቴሪያ ዘሮች ሊኖሩበት ይችላሉ፣ የሕፃን አንጀት ደግሞ ገና አይቋቋማቸውም። "እኛ በማር ነው ያደግነው" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፣ አትከራከሩ፣ ማንኪያውን ብቻ ዞር አድርጉት።

ጉዞው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። አውሮፕላን ውስጥ ሕፃን የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ ሲወርድ ነው። ከመሃል ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚሄድ፣ ኢስታኪያን የሚባል ጠባብ ቱቦ አለ። የካቢኑ የአየር ግፊት ሲጨምር ጆሮ ውስጥ ያለውን ከውጪው የሚያስተካክለው እሱ ነው። ትንሽ ልጅ ላይ ቱቦው አጭር፣ ጠባብና የተጋደመ ስለሆነ ቶሎ አይከፈትም፣ ያማል። የሚከፍተው መዋጥ ነው። ስለዚህ ጡት ወይም ጡጦ ወይም የሚጠባው ነገር ለመውረጃ ሰዓት ይቀመጥለት። መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው፣ "ቀበቶ እሰሩ" እስኪባል አትጠብቁ። ሲነሳ አጥብታችሁ ጨርሳችሁት ሲወርድ ባዶ እጅ መቅረት የተለመደ ስህተት ነው፣ እኔም ሠርቼዋለሁ።

መኪና ውስጥ ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይቀመጣል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚለው፣ የወንበሩ የክብደትና የቁመት ወሰን እስኪሞላ ድረስ እንደዚያው ይቀጥል ነው። ምክንያቱ አንገት ነው። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከገላው አንጻር ከባድ፣ አንገቱ ደግሞ ለስላሳ ነው። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ወደ ኋላ የዞረው ልጅ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን ወንበሩ አንድ ላይ ይቀበላቸዋል። ወደ ፊት የዞረው ግን ገላው በቀበቶ ተይዞ ጭንቅላቱ ይወነጨፋል። እቅፍ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ወንበር አይተካም፣ በግጭት ጊዜ የማንም ክንድ አይችለውም። በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ አውርዱት፣ እናንተም ወገባችሁን አቅኑ። የመኪና ጉዞ የሚያመጣውን ማስመለስ በተመለከተ፣ ከሁለት ዓመት በታች እምብዛም አይታይም፣ ከዚያ በላይ ያለ ልጅ ግን መጽሐፍና ስልክ ሲያይ ይብስበታል። በመስኮት ሩቅ እንዲያይ አድርጉ።

የሰዓት ልዩነት ያለበት አገር ከሆነ የምትሄዱት፣ ሰውነት በግምት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ይብሳል። አምስት ቀን ለማይሞላ ጉብኝት ስምንት ሰዓት ልዩነት የሚሻገር ቤተሰብ፣ ልጁ ሳይስተካከል ነው የሚመለሰው። የሚያፈጥነው የቀን ብርሃን ነው። ቀን አውጡት፣ ማታ መብራት ቀንሱ። ርቃችሁ ልትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከወር በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ አንዳንድ ክትባት፣ ለምሳሌ የኩፍኝ፣ ለሚጓዝ ሕፃን ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ሊሰጥ ይችላል።

ይሄን ሁሉ አንብቦ "ታዲያ ቤት ብንቀመጥስ? ለማያስታውሰው ነገር!" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አዋቂዎች ሲጠየቁ የመጀመሪያ ትዝታቸው በአማካይ ከሦስት ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የነበረው ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ነው። ልጁ ባሕሩን አያስታውሰውም። ግን ዛሬ ማንን እንደሚያምን፣ የማን ድምፅ እንደሚያረጋጋው ዛሬ ነው የሚማረው፣ ለዚያ ትዝታ አያስፈልገውም። ፎቶው የእናንተ ነው፣ ይሄን ካመናችሁ ዕቅዱም ይቀንሳል። በቀን አንድ ነገር ይበቃል። ሙዚየም፣ ባሕር፣ ዘመድ ቤት በአንድ ቀን ማለት የእናንተ ዝርዝር እንጂ የልጁ ቀን አይደለም። ልጁ የሚፈልገው ሆቴሉ በር ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች አርባ ጊዜ መውጣትና መውረድ ነው።

ሁሉንም አድርጋችሁም ሊፈነዳ ይችላል። ያን ጊዜ ምክር፣ ቁጣና ማባበያ አይሰማም፣ የሚሰማው የአንጎል ክፍል ለጊዜው ተዘግቷል። ይዛችሁት ከሰው ውጡ። ጸጥ ወዳለ ክፍል፣ ኮሪደር፣ መኪና፣ የትም ይሁን። ዝቅ በሉ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ሁለት ሦስት ቃል በሉ፦ "ደከመሽ። እኔ አለሁ።" ከዚያ ዝም። ማቀፍ የሚወድ ልጅ አለ፣ ሲያቅፉት የሚብስበትም አለ፣ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለታዳሚው "ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ፣ እንዲህ አልነበረችም" ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ልጅቷ ትሰማለች።

ቤት ስትመለሱ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይረበሻል። ሌሊት ይነቃል፣ ሽንት ቤት የለመደው ያመልጠዋል፣ ከእግራችሁ ስር አይጠፋም። ከመመለሻው ማግሥት ሥራ መግባት ካልቀረ ቢያንስ እንግዳ አትጥሩ።

ከጠረጴዛው ስር ነገር በኋላ ያለው ዓመት፣ እዚያው ቤት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ልጄ ሃያ ደቂቃ ያህል አንገቴ ስር ተሸጉጣ ቆየች፣ ከዚያ ወርዳ ከአክስቷ ጋር ኩብ ደረደረች። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ዓይኗን ማሸት ጀመረች፣ እኛም ተነሳን። "ምነው? ገና መች ተጫወታችሁና!" አሉን፣ እየቀፈፈኝም ቢሆን አልተቀመጥኩም። በር ላይ ሁሉም ቆሞ ሳለ ልጄ ጫማዋን ራሷ ማድረግ ጀመረች። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። አክስቷ ልትረዳት እጇን ዘርግታ ነበር፣ ከዚያ ትዝ ሲላት ወደ ኪሷ ከተተችው። የግራውን በቀኝ አድርጋው ነበር፣ ማንም ምንም አላለም። መኪናው ገና ዋናውን መንገድ ሳይዝ ተኛች።